ምርቱን ከችግኙ ቅጠል ላይ ማንበብ ይቻላል?

በሩዝ ታሪክ ትልቁ የምርት ዝላይ የተገኘው የዲኤንኤ ጠቋሚ የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢሪ) አይአር-8 የተባለውን ዝርያ ለገበሬ ለቀቀ። ወላጆቹ ፔታ የሚባለው ረጅሙ የኢንዶኔዥያ ሩዝና ዲ-ጂዮ-ዉ-ጀን የሚባለው የታይዋን ድንክ ሩዝ ነበሩ። ረጅሙ ሩዝ ማዳበሪያ ሲጨመርለት ዛላው ይከብደውና ይጋሽባል፤ አጭሩ ግን ፍሬውን ተሸክሞ ቆሞ ይደርሳል። አዳቃዮቹ ይህን ለመለየት ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው፦ ማሳው ውስጥ ገብቶ አጫጭሮቹንና ዛላቸው የሞላውን መርጦ መውጣት። በሙከራ ማሳ ላይ፣ ጥሩ ማዳበሪያ ካገኘ፣ በሔክታር ወደ 100 ኩንታል የሚጠጋ ምርት ሰጠ። ሩዙን ያሳጠረው ዘረመል የትኛው እንደሆነ ተለይቶ የታወቀው ግን ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው።

ይህ ለጠቋሚ ቴክኖሎጂ ወዳጆች ትንሽ የሚቆጠቁጥ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የሩዝ የዘረመል ካርታ በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከወጣበት ከ1988 ወዲህ፣ በሩዝ ላይ የፈሰሰው ገንዘብና እውቀት ቀላል አይደለም። የሩዝ ሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በ2005 ታተመ፤ ከሰብሎች ሁሉ ቀድሞ በዚያ ጥራት የተነበበው እሱ ነው። በ2018 ደግሞ ከ89 አገሮች የተሰበሰቡ 3,010 የሩዝ ዓይነቶች ተነብበው ውጤቱ ይፋ ሆነ። ያን ሁሉ ካወቁ በኋላ አዳቃዮች ሁለተኛ አይአር-8 ማውጣት ነበረባቸው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። አላወጡም። ያወጡት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

ጠቋሚ፣ ወይም ተመራማሪዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ እንደሚሉት ማርከር፣ ራሱ ዘረመል መሆን አይጠበቅበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚጠቆመው በቁጥር ሳይሆን “ከፋርማሲው አጠገብ ያለው ሰማያዊ በር” ተብሎ እንደሆነው ሁሉ፣ ማርከርም በክሮሞሶሙ ላይ ከሚፈለገው ዘረመል ጎን ያለ፣ በቀላሉ ሊታይ የሚችል የዲኤንኤ ልዩነት ነው። ፋርማሲው ቅርብ ከሆነ አቅጣጫው አያሳስትም። ሩቅ ከሆነ ግን በማዳቀል ጊዜ ክሮሞሶሞቹ ቁራጭ ሲለዋወጡ ጠቋሚው አንድ ጋ፣ ዘረመሉ ሌላ ጋ ሊቀር ይችላል። የሩዝ ዘረመል 390 ሚሊዮን ያህል ፊደላት በ12 ክሮሞሶሞች ላይ ተደርድረው የሚገኙበት ስለሆነ፣ “አጠገብ” የሚለው ቃል ራሱ ብዙ መቶ ሺህ ፊደል ሊሆን ይችላል።

ሥራው ሲታይ አስደናቂ አይመስልም። ችግኙ ገና ጥቂት ሳምንት ሳለ ከቅጠሉ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይወሰዳል። ቁራጩ 96 ጎድጓዳ ቦታ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ይፈጫል፤ ዲኤንኤው ተለይቶ ይወጣል፤ በፒሲአር ማሽን የሚፈለገው ክፍል ብቻ ሚሊዮን ጊዜ ይባዛል። በቀድሞው ዘዴ የተባዛው ዲኤንኤ ጄል ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ ይነዳል፤ በመጨረሻ በልዩ ብርሃን ሲታይ ከአንዱ ወላጅ የመጣው በአንድ ከፍታ፣ ከሌላው የመጣው በሌላ ከፍታ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ከሁለቱም የወረሰ ችግኝ ሁለት መስመር ያሳያል። ዛሬ ብዙው ቦታ ጄሉ ቀርቶ ውጤቱ በቀለም ፍካት በኮምፒዩተር ይነበባል። ዞሮ ዞሮ ጥቅሙ አንድ ነው፦ ሩዙ ሳያብብ፣ ሳይታመም፣ ጎርፍ ሳይመጣበት የትኛው ችግኝ እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚነቀል መወሰን።

በዚህ መንገድ ከተገኙት ሁሉ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው የጎርፍ ታሪክ ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው።

ሩዝ ውኃ ይወዳል እንጂ ውኃ ውስጥ ተቀብሮ አይኖርም። ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም አብዛኛው ዝርያ አየር ፍለጋ ግንዱን ያስረዝማል፤ ያከማቸውን ስኳር በጥቂት ቀናት ይጨርስና ጎርፉ ሲወርድ ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል፣ ይበሰብሳል። በህንድ ኦዲሻ ግዛት ግን ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት፣ ተመራማሪዎች በኋላ ኤፍአር-13ኤ ብለው የመዘገቡት አንድ ሩዝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሰምጦ ይነሳል። ኢሪና ሌሎች ተቋማት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ጠባይ ወደ ዘመናዊ ዝርያዎች ለማዛወር ሞክረዋል። ጎርፍ የሚችሉ ዲቃላዎችም አግኝተዋል። ገበሬው ግን አልወሰዳቸውም፤ ምክንያቱም ከጎርፍ መቋቋሙ ጋር የኤፍአር-13ኤ ሌላ ጠባይ ሁሉ፣ የፍሬው ጥራትና የምርቱ ማነስ ጭምር፣ ተጎትቶ መጥቷል።

በ1996 ተመራማሪው ዴቪድ ማኪልና ባልደረባው ጎርፍ የመቋቋሙ ጠባይ በአብዛኛው ከአንድ ቦታ፣ ከ9ኛው ክሮሞሶም፣ እንደሚመነጭ አሳዩ፤ ቦታውን ሰብ-1 አሉት። በ2006 እነሱና የካሊፎርኒያዎቹ ተመራማሪዎች ፓሜላ ሮናልድና ጁሊያ ቤይሊ-ሴሬስ ዘረመሉን ራሱን ለዩ። ሥራው ከሚጠበቀው ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። ሩዙን አያጠነክረውም፣ ወደ ላይም አያስሮጠውም፤ “ቁጭ በል፣ ጠብቅ” ይለዋል። ተክሉ ማደጉን ያቆማል፣ ስኳሩን ይቆጥባል፣ ውኃው ሲሸሽ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ ኢሪ የመረጠው ተቀባይ ዝርያ ነው ነገሩን የለወጠው። ስዋርና በምሥራቅ ህንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ሔክታር የሚዘራ፣ ገበሬው የሚያምነው፣ ነጋዴው የሚያውቀው ሩዝ ነው። ሰብ-1 ያለው ሩዝ ከስዋርና ጋር ተዳቀለ፤ የተገኘው ዲቃላ እንደገና ከስዋርና ጋር፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ እንደገና ከስዋርና ጋር። በመጀመሪያው መልሶ ማዳቀል ከተገኙት ወደ 700 የሚጠጉ ተክሎች ገሚሶቹ እንደ ሕጉ ዘረመሉን ወርሰዋል። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልበቃቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ክሮሞሶሙ ልክ ሰብ-1 አጠገብ የተቆረጠላቸውን፣ ማለትም የአሮጌውን ዝርያ ትርፍ ቁራጭ ያልጎተቱትን ፈለጉ፤ ያገኟቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ትውልድ በሌላው ጎን የተቆረጡትን መረጡ። በሌሎቹ 11 ክሮሞሶሞች ላይ በተበተኑ ማርከሮች ደግሞ የትኛው ተክል ይበልጥ ስዋርናን እንደመሰለ ቆጠሩ። ያለ ማርከር ስድስትና ሰባት ትውልድ የሚፈጀው ነገር በሦስት መልሶ ማዳቀል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አለቀ።

ስዋርና-ሰብ1 በ2009 በህንድ ተለቀቀ፤ በዚያው ዘመን ፊሊፒንስና ባንግላዴሽም የራሳቸውን ዝርያዎች ይዘው ተከተሉ። ጎርፍ በሌለበት ዓመት ከእናቱ ከስዋርና አይለይም፤ ለገበሬው ዋናው ዋስትና ይኸው ነበር። በኦዲሻ መንደሮች በዕጣ ተመድቦ በተደረገና በ2013 በታተመ ጥናት፣ ማሳው ለ10 ቀን ሲሰጥም አዲሱ ዘር ከነባሩ ስዋርና በ45 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። ጎርፍ የሚበዛበትን ረባዳ መሬት የሚያርሱት በብዛት በህንድ የካስት ሥርዓት ወደ ታች የተገፉት ማኅበረሰቦች ስለሆኑ፣ ከዘሩ ይበልጥ የሚጠቀሙትም እነሱ ናቸው። በ2016 የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ ዘሩን ያገኙ ገበሬዎች ጎርፍ ባልመጣበት ጊዜም ማዳበሪያ ጨመር እንዳደረጉ፣ ብድርም ለመውሰድ እንደደፈሩ አሳየ። ስጋታቸው ሲቀንስ መሬታቸው ላይ ማውጣት ጀመሩ። ከአንድ ዘረመል እንዲህ ያለ ውጤት ይመጣል ብሎ ቀድሞ የገመተ ባለሙያ ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

የሰብ-1 ወሰን ግን መነገር አለበት። ዘሩ ገና ሲበቅል የሚያገኘውን ጎርፍ አያድነውም፤ ለወር የሚተኛ ውኃንም አይችልም።

ማርከር ከዓይን የሚበልጥበት ሌላው ቦታ በሽታ ነው። በእስያ ባክቴሪያ የሚያመጣው የሩዝ ቅጠል ማድረቅ በሽታ ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ እያገረጣ ወደ ታች ይወርዳል። ኤክስኤ-21 የተባለው መከላከያ ዘረመል የተገኘው ከማሊ ከመጣ የዱር ሩዝ ነው። ጉርዴቭ ኩሽና የኢሪ ባልደረቦቹ ወደሚታረስ ሩዝ ለማሻገር ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በ1995 የሮናልድ ላቦራቶሪ ዘረመሉን ለይቶ አወጣ። ችግሩ ግን ባክቴሪያው ይለዋወጣል፤ አንድ ዘረመል ብቻውን የቆመ መከላከያ ውሎ አድሮ ይሰበራል። መፍትሔው ሁለትና ሦስት መደራረብ ነው። እዚህ ላይ የድሮው አመራረጥ ጨርሶ ይታወራል፦ ኤክስኤ-21 ያለው ተክል በሽታ ሲረጭበት ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ ከጎኑ ሌላ መከላከያ ይኑረው አይኑረው ማንም በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ከዚህም በላይ ኤክስኤ-5 እና ኤክስኤ-13 የሚሠሩት ከሁለቱም ወላጅ ሲወረሱ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቅጂ የያዘው ተክል ታማሚ መስሎ ይጣላል። ማርከር ሦስቱንም በአንድ ቁራጭ ቅጠል ይቆጥራል።

በህንድ በ2007 የተለቀቀው የተሻሻለ ፑሳ ባስማቲ ሁለቱን፣ በ2008 የተለቀቀው የተሻሻለ ሳምባ ማሱሪ ሦስቱንም የያዙት በዚህ መንገድ ነው። የባስማቲውማ ፈተና ድርብ ነበር። በሽታውን ሲያሸሹ መዓዛውን ማጣት ኪሳራ ነው፤ ለዘመናት መዓዛ የሚመረጠው ደግሞ በአፍንጫ ነበር፤ ቅጠሉ በኬሚካል ውስጥ ተነክሮ ወይም ፍሬው ታኝኮ። አሽታቹ ጥቂት ናሙና ካሸተተ በኋላ አፍንጫው ይደክማል፣ መዓዛ ከሌለው መዓዛ ያለውን መለየት ያቅተዋል። በ2005 መዓዛው ከአንድ ዘረመል ስምንት ፊደል በመጉደሉ እንደሚመጣ ሲታወቅ፣ የአፍንጫው ሥራ ወደ ፒሲአር ማሽን ተዛወረ።

እስካሁን የተቆጠሩት ሁሉ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፦ ሊጠፋ የነበረን ምርት ማዳን። የጎርፉ፣ የባክቴሪያው፣ በዚሁ መስመር የተሠራበት የድርቅና የጨዋማ አፈር ችግር ሁሉ፣ ከፍተኛውን ምርት አልቀየሩም፤ ገበሬው በክፉ ዓመት እንዳይወድቅ ግን አድርገዋል። ታዲያ ምርቱን ራሱን፣ በደህና ዓመት በደህና ማሳ ላይ የሚገኘውን ኩንታል፣ ከፍ የሚያደርግ ማርከርስ?

በወረቀት ላይ ሞልቷል። በ1996 አሜሪካዊና ቻይናዊ ተመራማሪዎች፣ የቻይናው የዲቃላ ሩዝ አባት ዩዋን ሎንግፒንግ ጭምር ያሉበት ቡድን፣ ከማሌዥያ የዱር ሩዝ የተወሰዱ ሁለት የክሮሞሶም ክፍሎች እያንዳንዳቸው ምርትን በ17 በመቶ ገደማ እንደጨመሩ ዘገቡ። ቁመናው የተጎሳቆለ የዱር ሣር የምርት ዘረመል ደብቆ መያዙ ያኔ ትልቅ ወሬ ነበር። በ2005 ጃፓናውያን ጂኤን-1ኤ የተባለውን ዘረመል አወጡ። ይህ ዘረመል የእድገት ቅመም የሆነውን ሳይቶካይኒን የሚያፈርስ ኤንዛይም ያዛል፤ ሲዳከም ቅመሙ በዛላው ጫፍ ይጠራቀማል፣ ዛላውም ብዙ ፍሬ ይይዛል። ከዚያ ፍሬን የሚያስረዝም፣ የሚያሰፋ፣ የዛላን ቅርንጫፍ የሚያበዛ ሌላ ሌላ ተከተለ።

ማሳው ላይ ግን ሒሳቡ አልደመረም። ምርት የዛላዎች ብዛት፣ በዛላው ላይ ያለው የፍሬ ብዛትና የአንዱ ፍሬ ክብደት ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ፍሬው የበዛለት ዛላ የሚሞላው ምግብ ካላገኘ ገሚሱ ገለባ ይሆናል። ፍሬው የተለቀ ሩዝ ቁጥሩ ያንሳል። ግንዱ የወፈረው ከሥሩ የሚያወጣቸው ዛላዎች ይመናመናሉ። ሌላም አለ። ጂኤን-1ኤን የመሰለ ጠቃሚ ዘረመል በደካማ ዝርያ ውስጥ ሲገባ ተአምር ይመስላል፤ በርካታ ምርጥ ዝርያዎች ግን አዳቃዮች ስሙን ሳያውቁ በዓይናቸው መርጠው ድሮ አስገብተውታል። የምርት ዘረመል ተገኘ የሚል ዜና ሲነበብ፣ የተነጻጸረው ከየትኛው ዝርያ ጋር እንደሆነና ሙከራው የተደረገው በሳጥን ውስጥ ይሁን በብዙ ቦታ ሰፊ ማሳ ላይ መጠየቅ ግማሹን ግነት ያረግፋል።

የጂኤን-1ኤ ታሪክ ግን እዚያ አልቆመም። በ2025 የህንድ መንግሥት ካማላ የተባለ ሩዝ ይፋ አደረገ። ከሳምባ ማሱሪ የተገኘ ሲሆን፣ ይኸው የሳይቶካይኒን ዘረመል በዘረመል አርትዖት፣ ማለትም የራሱን ዲኤንኤ ቦታው ላይ በመቁረጥ፣ እንዲዳከም ተደርጎበታል፤ ከሌላ ፍጡር የገባበት ዘረመል የለም። አውጪዎቹ ከእናቱ በ19 በመቶ የበለጠ እንደሚያመርትና ወደ 20 ቀን ቀድሞ እንደሚደርስ ይናገራሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ የሙከራው ውጤት በየቦታው ተመሳሳይ አልነበረም ብለው ይሞግታሉ። በማርከር ተፈልጎ የተገኘ ቦታ በመቀስ ወደ ማሳ የተመለሰበት የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ነውና ቀጣዮቹ የመኸር ወቅቶች በጉጉት ይጠበቃሉ። በነገራችን ላይ፣ ማርከር ሕዝቡ “ጂኤምኦ” ከሚለው ጋር ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። ስዋርና-ሰብ1 የተራ ማዳቀል ውጤት ነው፤ ማርከሩ የመረጠው ችግኙን እንጂ የቀየረው ነገር የለም። ከሌላ ፍጡር ዘረመል የገባበት ወርቃማው ሩዝ በ2021 ፊሊፒንስ ከፈቀደችው በኋላ በ2024 በፍርድ ቤት ሲታገድ፣ የሰብ-1 ዝርያዎች በዚያው አገር ያለ ክርክር ሲዘሩ የቆዩት ለዚህ ነው።

ምርት የብዙ መቶ ጥቃቅን ዘረመሎች ድምር ከሆነ፣ አንድ በአንድ ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው። በ2001 ለከብት እርባታ የተጻፈ ሐሳብ ሌላ መንገድ ከፈተ፦ የትኛው ዘረመል ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ በሺህ የሚቆጠሩ ማርከሮች በአንድ ላይ ይነበባሉ፤ ማሳ ላይ ተዘርተው ምርታቸው የተመዘነ ዝርያዎች ለኮምፒዩተሩ እንደ መማሪያ ይሰጡታል፤ ከዚያ ያልተዘሩትን ችግኞች ምርት ይተነብያል። የወተት ላሞች ምርጫን ከሥሩ የለወጠው ይህ ዘዴ ኢሪ ውስጥም በ2010ዎቹ በሩዝ ላይ ተሞከረ። ትንበያው ለአበባ መድረሻ ቀን ጥሩ፣ ለምርት ግን ሻል ያለ ግምት ብቻ ሆነ። ነገር ግን ትንበያው ፍጹም ባይሆንም ወላጆችን በየሁለት ዓመቱ ለመቀየር ካስቻለ፣ አሥር ዓመት ከሚፈጅ ትክክለኛ ምርጫ ይበልጣል። የዘመኑ የሩዝ ማዳቀል ውርርዱን ያደረገው እዚህ ላይ ነው፤ ከየትኛውም “ጀግና” ዘረመል ይልቅ ተስፋ የሚጣልበትም ይኸው ይመስላል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያው የፎገራ ሜዳ ምን ይላል?

ከጣና በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ባለፉት አርባ ዓመታት የኢትዮጵያ የሩዝ እምብርት ሆኗል። “የሚሊኒየም ሰብል” የተባለው ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኖ ይቀርባል፤ ገለባው የከብት መኖ ነው። እዚያው ወረታ ከተማ ላይ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞ ከውጭ የሚመጡ ዘሮችን እየፈተሸ ይለቃል። ይሁን እንጂ ገበሬው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣውን ኤክስ-ጅግናን ለብዙ ዓመታት አልለቀቀም። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ላይ ያለው ይህ ሜዳ መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሩዙ ሊያብብ ሲል ብርድ ካገኘው የአበባው ዱቄት ይመክንና ዛላው ቀጥ ብሎ ባዶውን ይቆማል። ከቆላ የመጡ ስመ ጥር ዝርያዎች የተሸነፉት ለዚህ ብርድ ነው፤ ኤክስ-ጅግና ከብዙዎቹ ይሻላል።

ከስዋርና ታሪክ እዚህ የሚጠቅመው ክፍል የጎርፉ ዘረመል ሳይሆን የተቀባዩ አመራረጥ ነው። ኦዲሻ ላይ የሠራው ገበሬው የሚያምነውን ሩዝ ይዞ የጎደለውን ብቻ መጨመር ነበር። ፎገራ ላይ ይኸው መንገድ ኤክስ-ጅግናን ወይም በቅርብ የተለቀቁትንና ገበሬው የወደዳቸውን ዝርያዎች ይዞ የበሽታ መከላከያ መደረብ ማለት ይሆናል። ይህ ላቦራቶሪ ከመሥራት በፊት ሌላ ቀላል የማርከር ሥራ ይጠይቃል፦ ዘሩን መለየት። ከጎተራ እየተነሳ ለአሥርት ዓመታት የተዘራ ዘር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ አንድ ሰው ኤክስ-ጅግና የሚለው ከጎረቤቱ ኤክስ-ጅግና የተለየ ሊሆን ይችላል። በ2018/19 በኢትዮጵያ በተካሄደው የቤተሰብ የኑሮ ጥናት ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከገብስ ማሳ ናሙና ተወስዶ ዲኤንኤው ሲነበብ፣ ገበሬው ዘርቻለሁ ያለውና ማሳው ላይ የተገኘው ብዙ ጊዜ እንዳልገጠመ ታይቷል።

ብርዱን በተመለከተ ደግሞ መማሪያ አለ። በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ፣ አዳቃዮች ሩዙ ሊያብብ ሲል ማሳውን 19 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አጥለቅልቀው የሚችለውን ይመርጣሉ፤ ከኢንዶኔዥያው የሲለዋ ሩዝ ያመጡት የብርድ መቋቋሚያ ዘረመል በ2010 ተለይቷል። ቻይናውያን በ2017 ሌላ ከዩናን ደጋ ሩዝ አግኝተዋል። የሁለቱም ማርከር በየትኛውም አነስተኛ የፒሲአር ላቦራቶሪ ሊነበብ የሚችል ነው። ወረታ ላይ ይሠራ እንደሆነ ለመመስከር ግን ዲቃላዎቹ ሆን ተብሎ ዘግይተው ተዘርተው፣ አበባቸው ከጥቅምት ሌሊቶች ጋር እንዲገጥም ተደርጎ፣ በአጨዳ ጊዜ ከየዛላው የሞላውና ባዶው ፍሬ ለየብቻ መቆጠር አለበት፤ ያም በተከታታይ ዓመታት፣ ርብ በሚሞላበትም ባልሞላበትም ወቅት።